ከፈሳሹ የወጣችው ክሪስታል

የኬሚስትሪ ተመራማሪዋ ያቺን የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ክሪስታል ለማሳደግ ዐሥራ አንድ ሳምንት ፈጅቶባታል። ክሪስታሏ በፈሳሽ ውስጥ የምታድግበት ብልቃጥ እንዳይነቃነቅ ስትል በሩ ላይ «አትግቡ» የሚል ወረቀት ለጥፋ ነበር፤ ሰዉም ቃሏን አከበረ፤ ከሚገባው በላይ አከበረ። ምሳዋን ብቻዋን በላች፤ ውሎ አድሮም በብልቃጡ ውስጥ ያለችውን ክሪስታል «እንደምን አደርሽ» ማለት ጀመረች። ዓርብ ጠዋት ክሪስታሏ በኤክስሬይ ካልተነሣች የመሣሪያው ተራ ለሌላ ቡድን ያልፋል፤ የተሠራችበት ሞሎኪዩል ቅርጽም ሳይታወቅ ይቀራል።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ምን ቀብረሽ ነው እንዲህ የምትጠብቂው?»

እስከዚያች ቀን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ይግቡ እትዬ። ብቻ ቀስ ብለው ይርገጡ።»

«መቼ ስጨፍር አየሽኝ?»

በጨው ውስጥ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ አዮን አጥብቀው እንደሚሳሳቡ፣ በአልማዝም አቶም ከአቶም ተቆላልፎ እንደሚኖር ነገረቻቸው። ይህች ግን ሞሎኪዩላዊ ጠጣር ናት፤ ሞሎኪዩሎቿ ጎን ለጎን ከመቆም በቀር ጽኑ ማሰሪያ የላቸውም።

«የኔን ጎረቤቶች ነው የምትነግሪኝ» አሉ እትዬ። «ከእግዜር ሰላምታ አያልፉም።»

ሳቀች፤ ሳቋ ለገዛ ጆሮዋ እንግዳ ሆነባት። «በብልቃጡ አልታየኝም» ሲሏትም ክሪስታሏን በመርፌ ጫፍ አውጥታ ማይክሮስኮፑ ሥር ደረቅ መስታወት ላይ አሳረፈቻት። ሞሎኪዩሎቹን ደግፎ የሚያቆማቸው በመካከላቸው የገባው ፈሳሽ ነው፤ ስለዚህም ከብልቃጥ የወጣች ክሪስታል ፈሳሹ እንዳይተንባት ወዲያው ዘይት መቀባት አለባት። ይህን ለተማሪዎቿ ሁልጊዜ ትናገር ነበር። እትዬ ግን አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው «ወይ ጉድ፣ ጥርት ማለቷ» ሲሉ፣ ዘይቱ ከሐሳቧ ጠፋ።

«አሁን ደግሞ ወተት መሰለች» አሉ ቆየት ብለው። «እንዲህ ነው የምትሆነው?»

ጎንበስ ብላ አየች። ፈሳሹ ተንኖ ክሪስታሏ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቃለች። ቀና ስትል እትዬ መጥረጊያቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ፊቷን ይመለከታሉ።

«አዎን እትዬ፣ እንዲህ ነው የምትሆነው።»

«ተመስገን። እኔማ በእስትንፋሴ ያበላሸኋት መስሎኝ ነበር።»

ሊወጡ ሲሉ «ነገም ይምጡ» አለቻቸው።

«ነገ ደግሞ ምን ልታሳዪኝ?»

«የሚታይ እንኳ የለም።»

«እንግዲያው እግሬን ላሳርፍ እመጣለኋ።»

ኮቴያቸው ከኮሪደሩ እስኪጠፋ አዳመጠች። ከዚያም ወደ መሣሪያው ክፍል ደውላ የዓርብ ተራዋን ለቀቀች።