የፋሲካ ተረኛ

የዳቦ ቤቱ ባለቤት እትዬ እስከዳር የፋሲካውን ተረኛ ስም ማንንም ሳይጠይቁ መጻፍ ሲጀምሩ፣ ሀዋኒ ከምታቦካው ሊጥ ላይ ቀና ብላ "ዕጣ ይውጣ" አለች።

ሮቤ ላይ ዳቦ ቤት በዓል የለውም፤ ክርስቲያኑ ሲፈስክ ሙስሊሙ ቁርሱን ይፈልጋል። ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሙስሊሙ ባልደረባቸው ዲማ የክርስቲያኑን በዓል ይጋግራል፣ እነሱ ደግሞ ዒዱን ይሸፍኑለታል። መስከረም ላይ ዲማ ብድሬ ከተማ ሄዶ የራሱን ዳቦ ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ገናንም ጥምቀትንም ሥራ የገባችው ሀዋኒ ናት። ከቀሩት ሁለት ጋጋሪዎች ገዛኸኝ ሦስት ልጆች አሉት፣ ቢፍቱ አንድ፤ ሀዋኒ የላትም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ዝም ብሎ እንደዚያ ሆነ።

"አንቺን ደግሞ ምን ዕጣ አስፈለገሽ?" አሉ እትዬ እስከዳር፣ ከልባቸው ገርሟቸው። "የሚጠብቅሽ ልጅ የለ።"

"ቢሆንም ይውጣ።"

ጎሮ ከተማ ያሉት አባቷ ከአልጋ ከዋሉ አራት ወር አልፏቸዋል። ለገና አልሄደችም። ትናንት በስልክ "ለፋሲካስ ትመጫለሽ?" ሲሏት ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰላት። ማልቀስ ነበረባት። አላለቀሰችም፤ ስልኩን ዘግታ ወደ ሊጧ ተመለሰች። ሰሞኑን ሁሉም ነገር እንዲህ ነው፣ ሰውነቷ ደንዝዟል።

ሦስት ወረቀት እንደ ዕቁብ ተጠቅልሎ ባዶ የእርሾ ቆርቆሮ ውስጥ ገባ። አንዱ ላይ "ይገባል" የሚል ተጽፎበታል። ቢፍቱ ባዶ አወጣች፤ ሀዋኒም ባዶ። ገዛኸኝ የቀረውን ሳይፈታው ኪሱ ከተተው።

"ሀዋኒ፣" አላት ምድጃው ድረስ ተከትሏት፣ "ትንሿ ልጄ አዲሱን ቀሚሷን ካሁኑ አልጋዋ ላይ ዘርግታዋለች። አብሬያት እንድውል ነው የምትፈልገው። ማሎ፣ እባክሽ ለውጪኝ። ሌላ ጊዜ እኔ እገባልሻለሁ።"

አይዋሽም። ልጅቷን ታውቃታለች፤ ዳቦ ልትወስድ ስትመጣ አፍንጫዋ ላይ ዱቄት የምትቀባት ራሷ ሀዋኒ ናት። "እሺ" የሚለው ቃል ከአፏ ደርሶ ነበር። ቢፍቱም እትዬ እስከዳርም ያንኑ እየጠበቁ ነበር።

"አልለውጥም" አለች።

ገዛኸኝ ፊቱ ተለዋወጠ። "ቀኑን ምን ልትሠሪበት ነው? ልጅ ያለው ሰው ቤቱ ይዋል ማለት ጥፋት ነው እንዴ?"

"አይደለም። አባቴም ልጅ አላቸው። አንድ።"

እትዬ እስከዳር እስክሪብቷቸውን እያገላበጡ መሬት መሬቱን አዩ። ሀዋኒ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ደስ የሚላት ይመስላት ነበር፤ ደስም አላላት፣ አልከፋትምም። ልጅቷ ግን ታሳዝናለች።

እጇን በሽርጧ ጠራረገችና ወደ እትዬ እስከዳር ዞረች።

"ቅዳሜ በስድስት ሰዓት እወጣለሁ" አለች። "ከዚያ በኋላ የጎሮ መኪና አይገኝም።"