በፈትሂያ ስም የተጻፈ ማመልከቻ

እትዬ ሐዲጃ ማመልከቻውን ከቦርሳቸው አውጥተው ኢልሃም ጭን ላይ አስቀመጡት።

«ፈርሚበት ልጄ። ካንቺ ፊርማ በላይ ማስረጃ የለንም። ሰው አገር የከረምሽው የጨረር ነገር ስትማሪ አይደል?»

ኢልሃም አንካራ ስምንት ዓመት ፊዚክስ ተምራ፣ በሁለት ሺህ ስድስት መስከረም ጎንደር ከገባች ገና አራት ወሯ ነው። ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ታስተምራለች። ተወልዳ ያደገችበት የፒያሳ ሰፈር ግን ከመጣች ጀምሮ የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎረቤት ካለው ሆቴል ጣሪያ ላይ ስለተተከለው የሞባይል አንቴና። ራስ ምታቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ የሐጂ ዐብዱልከሪም ደም ግፊት ሳይቀር ከእሱ ነው ይባላል። «አይመስለኝም» ስትል ይስቁባታል። «ትምያለሽ?» ሲሏት ደግሞ አፏ ይያዛል። ሁሉ ነገር ተመርምሮ አልቋል ብላ መማል አትችልም።

ማመልከቻው ሃያ ሁለት ፊርማ አለበት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። የእትዬ ሐዲጃ ምራት፣ የኢልሃምም አብሮ አደግ ፈትሂያ፣ ሁለት ፅንስ የወረደባት በአንቴናው ነው ይላል።

ፈትሂያ ከጓዳ በር ላይ ሆና ጠቀሰቻት። ኢልሃም ወረቀቱን እንደያዘች ተነስታ ገባች።

«በአላህ ፈርሚ» አለች ፈትሂያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንቴናው ሳይመጣ ጥፋቱ የኔ ነበር። የማያጸና ሆድ ሲሉኝ ከርመዋል። እሱ ከተተከለ ወዲህ ነው እፎይ ያልኩት። አሁን አንቺ ነፃ ብታወጪው ወደኔ ይመለሳሉ።»

«የመጀመሪያው የወረደብሽ ሰሞን ደውለሽልኝ አልነበር? ስልኩ አምስት ጊዜ ተቋርጦብን፣ በዚያ ሕመምሽ ኔትወርክ ፍለጋ ጣሪያ ላይ ወጣሽ። አንቴናው ያኔ የት ነበር?»

«አጥቼው ነው? እነሱም ያውቃሉ። ረስተውልኛል ነው የምልሽ።»

ኢልሃም እስክሪብቶዋን አወጣች። አንድ ፊርማ ነው፤ አንቴናው ስሙ ጠፋ ብሎ አይከፋውም። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ስትዘረጋ ግን የአንቀጹን ማብቂያ አየችው።

«ይኼን አንብበሽዋል?»

«መፈረሚያውን ነው ያሳዩኝ።»

አነበበችላት፦ «‹ማህፀኗም በጨረሩ በመቃጠሉ ከእንግዲህ ልጅ መውለድ የማትችል ሆናለች።›»

ፈትሂያ ወረቀቱን ተቀብላ ራሷ ደግማ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶውን ከኢልሃም እጅ ወስዳ ወደ ሳሎን ወጣች።

«እትዬ፣ አልወልድም ያለው ማነው?»

«ምነው፣ ነገሩ እንዲከብድ ብለን ነው እንጂ።»

«ሐኪም አይቶኛል?»

«ሐኪም ምን ሊያደርግ? የተቃጠለ ዘር ይበቅላል? ልጄስ እስከ መቼ ይጠብቅ? ሰዉ ሌላ አግባ እያለው፣ እኔ ነኝ የያዝኩት።»

ይህን ሲሉ ከጡታቸው መሐል የሸጎጡት ስልክ ጮኸ። አውጥተው ዘጉት፤ መልሰውም ሊሸጉጡት አሉ።

«ጨረር ከፈሩ፣ ከአንቴናው ይልቅ እሱ ይቀርብዎታል» አለች ኢልሃም።

እትዬ ሐዲጃ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ትንሽ አሰቡና በሁለት ጣታቸው ገፋ አደረጉት።

ፈትሂያ አልሳቀችም። «የመጀመሪያው የወረደብኝ አንቴናው ሊተከል ሰባት ወር ሲቀረው ነው። ለኢልሃም ልደውል ጣሪያ ላይ ስወጣ መሰላሉን የያዙልኝ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ መሬት መሬት አዩ። «እንግዲያ ጥፋቱ የማነው?»

«የማንም። የለም ካሉ፣ እኔም ልጅዎም አብረን እንመርመር። ብቻዬን አልሄድም።»

ሦስተኛውን አንቀጽ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። ወረቀቱ ሊቀደድ ጥቂት ቀረው። ኢልሃም እስክሪብቶውን ተቀብላ ከሥሩ ጻፈች፦ «የአንቴናው ጨረር እኛው ፊት ይለካ፤ ውጤቱም ሁሉም በሚያየው በር ላይ ይለጠፍ።» ይህን ለመፈረም መማል አላስፈለጋትም። ይሁንና ፈትሂያ ቀደመቻት፤ ስሟን ከነአባቷ አስፍታ ጻፈችው።

«ሰፈሩስ ምን ይላል?» አሉ እትዬ ሐዲጃ።

«ይበል» አለች ፈትሂያ። «ኔትወርኩ እንደሆነ አሁን ሸጋ ነው፤ ይደዋወሉበት።»