የከበሮው ውሻ እርምጃ

ባሌ ኦታካር በትውውቅ የሚያምን ሰው ነው። የሙዚቃ ደራሲ ስለሆነ፣ እሱ በደረሰው የዋልስ ዳንስ ሙዚቃ የጨፈረ ሁሉ ዘመዱ ይመስለዋል። ስለዚህ ከሩስያ ጋር በገጠምነው ጦርነት ሁለተኛ ዓመት እህቴ ሉድሚላ ወጥ ቤቴ ገብታ፣ «ልጄን ሐሙስ ወደ ጋሊሺያ ግንባር ሊልኩብኝ ነው» ብላ ስትንሰቀሰቅ፣ እሱ ባርኔጣውን ፍለጋ ተነሣ።

«አታልቅሺ። ኮሎኔሉ ልጁን የዳረው በኔ ዋልስ ነው። ሲሪልን የክፍለ ጦሩ ባንድ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ባንዱ እዚሁ ኦሎሞውትስ ከተማ ነው የሚቀረው።»

«ሲሪል እኮ ሙዚቃ አያውቅም፣ ጋሼ።»

«ስንት ዓመት ከኔ ጋር ምሳ በልቷል። ትንሽ ሳይጋባበት አይቀርም።»

አልተጋባበትም። ሲሪል ሥጋ ቤት የሚሠራ የዋህ ልጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ቄሱ ሳይቀሩ ዞር ብለው ያዩታል።

ማክሰኞ ጠዋት ባሌ፣ ሲሪልና እኔ የጦር ካምፑ ሄድን። ኮሎኔሉ ባሌን አቅፎ ሳመውና ለሲሪል የሚጋጩትን ሁለት የነሐስ ሳህኖች አሰጠው። ባንዱ ተጫወተ። ሲሪል ሁሉም ከጨረሱ በኋላ አንድ ጊዜ አጋጨ።

«ጌታው፣ እርስዎን እወድዎታለሁ» አለ ኮሎኔሉ። «ይህን ልጅ ግን ሩስያኖቹ ይስሙት።»

ባሌ ባርኔጣውን ደፋ፤ ወደ መውጫው አመራን።

ትልቁን የከበሮ ጋሪ የሚጎትተው ሱልጣን የሚባል ግዙፍ ውሻ፣ አሮጌው ጠባቂው ጡረታ ከወጣ ወዲህ በልመናም በቁጣም አልሄድ ብሎ ግቢው መሃል ተጋድሟል። ሲሪል አንገቱን ደፍቶ በአጠገቡ ሲያልፍ ውሻው አሸተተው። ተነሣ። የሥጋ ቤቱን ልጅ ተከትሎ ከነከበሮው ግቢውን ዞረ።

ኮሎኔሉ እስኪያስለው ሳቀ። ባንዱ የባሌን የሰልፍ ሙዚቃ፣ ማርሹን፣ ሲጀምር ግን ሱልጣን ማንንም ከቁብ ሳይቆጥር በዝግታው ቀጠለ፤ ከበሮውም አብሮት ወደ ኋላ ቀረ።

«ልጁን ለውሻው ጠባቂነት ወስጃለሁ» አለ ኮሎኔሉ። «እርስዎ ደግሞ ለሐሙስ በውሻው እርምጃ ማርሽ ይሥሩልኝ።»

ለቪየና ሹማምንት ያላጎነበሰው ባሌ ሁለት ቀን እርሳስና ወረቀት ይዞ የውሻ ጅራት ተከተለ። «አንቺ፣ አትሳቂ» ይለኛል። ምን ላድርግ፣ ሳቅሁ።

ሐሙስ ወታደሮቹ ወጡ። ከካምፑ እስከ ባቡር ጣቢያው ሃያ ደቂቃ ነው፤ በሱልጣን እርምጃ አርባ ፈጀ። እናቶች የልጆቻቸውን እጅ እንደያዙ ጎን ለጎን ተራመዱ። በድሮው ማርሽ ቢሆን አንዷም አትደርስባቸውም ነበር። ኮሎኔሉ ሰዓቱን ሁለቴ አየ፤ ሁለቴም መልሶ ኪሱ ከተተው።

ባቡሩ ሲሄድ ሲሪል ከውሻው ጋር ተመለሰ። እህቴ ደስታዋን የት እንደምታደርሰው ጨንቋት መሬት መሬቱን ታያለች። ጎረቤታችን ሄድቪካ ዓይኗን ጠራርጋ ወደ እኛ መጣች። የበኩር ልጇን እጅ ይዛ እስከ ጣቢያው መሸኘቷ ነበር። ትሰድበናለች ብዬ ፈራሁ።

«ማርሹን የሠራኸው አንተ ነህ?» አለችው ባሌን።

«እኔ ነኝ» አለ፤ ያ ጉረኛ ድምፁ አልሰማ አለ።

«ታናሹም በመስከረም ይሄዳል» አለች። «ያን ቀንም ይኼንኑ አስጫውትልኝ።»