ሊፓ በባዶ እግር

ልጆቼ፣ ካርታ ላይ በሌለ መንደር መኪና ነድታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ኃይለ መስቀል ነድቻለሁ።

እዚህ ስደት አገር ሥራዬ በሽተኞችን ሐኪም ቤት ማመላለስ ነው። ሚስ ሩዤናን ከሮውሌት ከተማ እያነሳሁ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት እወስዳቸዋለሁ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ገና ከመጀመሪያው ቀን መስኮቱን በጣታቸው እየነኩ፣ "እዚህ የልብስ ሰፊው ቤት፣ እዚህ ወፍጮው፣ እዚህ ጉድጓዱ። ቀስ በል፣ ልጆች ውሃ ይቀዳሉ" ይሉኛል። እኔ የማየው ጎማ ቤትና መጋዘን ነው።

መንደሩ ሊፓ ይባል ነበር። ከቼክ አገር የመጡ ገበሬዎች ጥጥ ያለሙበት ነበር፤ የራሳቸው ትምህርት ቤት፣ የራሳቸው ጸሎት ቤት ነበራቸው። እሳቸው ወጣት ሳሉ ጎረቤቱ ከተማ፣ "ወደ እኛ ግቡ፣ የቧንቧ ውሃ እናስገባላችኋለን" አለ። ተፈራረሙ። ውሃው ገባ፣ የመንደሩ ስም ከካርታ ወጣ። ጸሎት ቤቱ ፈረሰ፤ የመቃብሮቹ የእንጨት መስቀሎችም መንገዱ ሲሰፋ ተነቀሉ። "እኛን ግን ማን ነቀለን?" አሉኝ አንድ ቀን፣ ራሳቸውን ከሙታኑ ጋር ደምረው።

ከዚያ ወዲያ እኔም ጉድጓዱ ያሉት ቦታ ስደርስ ሳላስበው ፍሬን እይዝ ጀመር። ከኋላዬ ክላክሱ ይጮሃል።

ባለፈው ኦክቶበር ቤተ ክርስቲያናችን ከጎኗ ያለውን ባዶ ሣር ለፓርኪንግ ገዛች። በዚያ ስናልፍ ሚስ ሩዤና፣ "የእኔዎቹ እዚያ ናቸው። በኖቬምበር መጀመሪያ ሻማ እናበራላቸው ነበር" አሉ። ደንግጬ የግንባታ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ለሆነችው ለዕፀ ሕይወት ነገርኳት። መሐንዲስ ናት፣ እዚሁ ያደገች።

"አባባ፣ ሲቲውን ኮል አድርገን ጠይቀናል። መቃብር የሚል ሪከርድ የለም። ማክሰኞ አስፋልት ይፈሳል።"

"ሴትዮዋ እኮ እያንዳንዱን በስም ይጠራሉ።"

"ማለቴ፣ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል አይደል? እርስዎም ደግሞ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ይይዛሉ አሉ!" ሳቀችብኝ፣ በክፉ አይደለም።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ጫማዬን አንዱ በስሕተት አድርጎት ሄዷል። ያለ ነው። እያጉረመረምኩ በባዶ እግሬ ሣሩን አቋርጬ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። እግሬ ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ አለ። ቆምኩ። በአገሬ ከዕድርተኛ ጋር ስንት መቃብር ቆፍሬአለሁ፤ አፈር በሰው ላይ እንዴት እንደሚሰምጥ እግሬ ያውቃል። የእያንዳንዱ ጎድጓዳ ርዝመት የሰው ቁመት፣ ሁሉም ወደ ምሥራቅ።

"ዕፀ ሕይወት! ጫማሽን ሳታደርጊ ነዪ!"

"ካልሲዬ ይቆሽሻል፣ አባባ።"

መጣች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ አብረን ቆጠርን። አሥራ ስምንት። ዳር ላይ፣ ከሌሎቹ ራቅ ብላ፣ ከክንድ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ነበረች። አሥራ ዘጠኝ።

"ሶ... ኮንትራክተሩን ኮል አደርጋለሁ" አለች፣ ሰው እንዳትቀሰቅስ የፈራች ይመስል ቀስ ብላ። "አይፈስም።"

ሰኞ ለሚስ ሩዤና ነገርኳቸው። ቄሳችን በጸሎት የሙታኑን ስም እንዲያነቡልን ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ቤት በቤት ጠሩልኝ፣ አሥራ ስምንት ጻፍኩ።

"አንዲት ትንሽ ቀረች" አልኳቸው። "ዳር ላይ ያለችው።"

መስኮቱን በጣታቸው ነኩ።

"ሳትጠመቅ ሞተች" አሉ። "አባቷ አይታወቅም ብለው የመንደሩ ሰዎች ልጄን ከአጥሩ ውጭ አስቀበሩኝ። ከተማው የውሃውን ወረቀት ሲያመጣ መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። መንደሩ ይጥፋ ብዬ። እሷም አብራ እንደምትጠፋ አላሰብኩም።"

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። ከአሥራ ስምንቱ ስሞች በላይ በቀረው ባዶ ቦታ "አና" ብለው ጻፉ።

"ቄስህ ያልተጠመቀችን ስም ያነባሉ?"



"እሳቸው ባያነቧት፣ እኔ አነባታለሁ" አልኳቸው።