የአባባ ወልደአምላክ ሌላኛው ዓይን

ሕንዳዊው ሠዓሊ ሱርያካንት ከጃይፑር መጥቶ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ውሻ ሣለ። የሀብታም ውሻ። አባቱ የነገሥታትን መልክ በቀጭን ብሩሽ የሚሥል ሰው ነበር፤ ልጁ ግን አሜሪካ ሲገባ ሰው ከራሱ መልክ ይልቅ ለውሻው መልክ እንደሚጨነቅ ቶሎ ገባው።

በሚኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቱ የሆነችው የአባባ ወልደአምላክ ልጅ የዓለምዘርፍ «ለአባባ ሰማንያኛ ልደት መልካቸውን ሣልልኝ፤ እንደ አገርህ አድርገህ» ስትለው የጀመረውን ውሻ አቆመ። «እንደ አገርህ» ያለው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ውሻ የሚባል ነገር አልነካም።

በልደቱ ዕለት፣ ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ፣ የሥዕሉ መሸፈኛ ተገለጠ። አባባ ወልደአምላክ በወርቅማ መደብ ላይ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወደ ጎን ዞረው ተቀምጠዋል። በአንድ ዓይን።

እልል ሊል የተዘጋጀው ዘመድ አማተበ።

«በስመ አብ!» አሉ የአባባ እህት እትዬ አየለች። «ወንድሜን ይሁዳ አደረገው!»

በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ወዳጁ ነው። ይህን ለሱርያካንት የነገረው የለም። በአባቱ ሙያ ደግሞ በጎን የሚሣለው ንጉሥ ነው።

የዓለምዘርፍ ወደ ጥግ ሳበችው። «ፕሊስ ሱርያ፣ አንድ ዓይን ጨምርበት። በቃ፣ አንዲት ዓይን!»

«ለውሾቹ ጌቶች ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ» አላት። «ጅራት አስረዝሜያለሁ፣ ሆድ ቀንሻለሁ። ይሄን ግን አልነካም፤ እንደ ንጉሥ ነው የሣልኳቸው። ካፈራችሁበት ልውሰደው።» ሥዕሉን ከግድግዳ አወረደ።

«ምንድነው የሚለው ሰውዬው?» አሉ አባባ። ተረጎመችላቸው።

«ንጉሥ? እኔን?»

«አዎ አባባ።»

«አየለች ደግሞ ይሁዳ ትለኛለች።» ተነሥተው ሥዕሉ ላይ አፈጠጡ፤ የራሳቸውን አፍንጫ ዳሰሱ። «አፍንጫዬ እንዲህ ያምራል እንዴ?»

«አባባ፣ ነገ ቄሶቹ ቢያዩትስ? ምን ይሉናል?» አለች የዓለምዘርፍ።

«ይዩት። ብቻዬን ግን በጎን አልቀመጥም። በይው፦ ራሱንም ይሣል፣ እዚህ ፊት ለፊቴ፣ እሱም በአንድ ዓይን። ሲኦል ከሆነ አብረን እንወርዳለን። ቤተ መንግሥት ከሆነም ጨዋታ አናጣም።»

ለሱርያካንት ተረጎመችለት። ራሱን ሥሎ አያውቅም፤ ያዘዘውም የለም። ሥዕሉን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መልሶ ሰቀለና «የትኛው ጎኔ ይሻላል?» ብሎ ጠየቀ።

እትዬ አየለች አገጩን ይዘው ወዲያና ወዲህ አዞሩት። «ግራው» አሉ፣ ፊታቸውን እንዳጠቆሩ።