የቀይዋ ዶሮ ፕሮጀክት

እጀ ሰባራ የሚል ስም ያወጣልኝ አባዬ ነው። አባዬ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ውስጥ የነካሁት ነገር ሁሉ ወይ ይሰበራል ወይ ይቀደዳል ይላል። ውሸቱንም አይደለም፤ በዘጠኝ ዓመቴ የሙሽራ ቀሚስ በካውያ አቃጥያለሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ ስፌት መኪናው ጠጋ ካልኩ "ወዲያ በይ" ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ግን በጭቅጭቅ አሰለቸሁትና አንድ ቃል ሰጠኝ። "አንድ ነገር ጀምረሽ እስከ መጨረሻው በእጅሽ ሥሪና፣ ሠርታለች የሚል ወረቀት አምጪ። ያን ቀን መኪናው ላይ ትቀመጫለሽ።"

እንዲህ ያለ ወረቀት የሚሰጠው የሰፈራችን የወጣቶች ክበብ ነበር። እዚያ በወሬ የሚሆን ነገር የለም። ሁሉም አባል አንድ ፕሮጀክት ይይዛል፣ ዓመቱን ሙሉ በእጁ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ ዳኛ መጥቶ ያየዋል። እኔም አንዲት ቀይ ዶሮ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ልመዘገብ ሄድኩ። የክበቡ ጸሐፊ ያን ቀን መነጽሩን ቤቱ ረስቶ ነበር። ዶሮዋ ስታስካካ፣ እኔ ስመልስ፣ እሱ ሲጽፍ ቆየንና ማኅተሙን ከመታ በኋላ መዝገቡን አየሁት። አባል በሚለው ሥር "ቀይ ዶሮ፣ ስምንት ወር" ይላል። ፕሮጀክት በሚለው ሥር ደግሞ "የልብስ ሰፊው ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመት"።

"ጋሼ፣ ተገለባብጧል እኮ" አልኩት።

መዝገቡን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። "እውነትሽን ነው። ግን ማኅተም አርፎበታል፤ ማኅተም ያረፈበት አይፋቅም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ምን ይደረጋል፣ ጠንክራ መሥራት ነዋ።"

ዶሮዋን ማለቱ ነበር።

ዓመቱ እንዲህ ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስብሰባ ሲኖር ለዶሮዋ ወንበር ይሰጣታል። እኔ ፕሮጀክት ነኝና በረንዳው ላይ ከቲማቲም ችግኞችና ከአንድ ጥንቸል ጋር እጠብቃለሁ። በሁለተኛው ወር ዶሮዋ በድምፅ ብልጫ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባል ሆና ተመረጠች። ጸሐፊው በየወሩ እየመጣ ይመዝነኛል። "ሁለት ኪሎ ጨምራለች፣ አያያዝሽ ጥሩ ነው" ይላታል፤ እኔን ዞር ብሎ እንኳ አያየኝም። ደሜ ይፈላል። ግን ብተወው አባዬ "አላልኩም?" እንደሚል አውቃለሁ፤ እሱን ከምሰማ ብመዘን ይሻለኛል። ስለዚህ አባሏ ስብሰባ ስትውል እኔ ቤቷን ሠራሁላት። ጣውላ ቆረጥኩ፣ አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ በመዶሻ ቀጠቀጥኩ፣ በሩን ሦስት ጊዜ አፍርሼ እንደገና ገጠምኩ። ክንፏን ሲያማት ያሰርኩላትም እኔው ነኝ። የክበቡ ሪፖርት ላይ ግን የተጻፈው "ፕሮጀክቱ በራሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል" የሚል ነበር።

የግምገማው ቀን አባዬ ተጠራ፤ የአባሏ አሳዳጊ ተብሎ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ፣ ዶሮዋን ጭኑ ላይ አድርጎ ከፊት ተቀመጠ። እኔን ጠረጴዛ ላይ አቆሙኝ። ዳኛዋ የእንስሳት ሐኪም ናት። ጥርሴን አየች፣ ጆሮዬን አየች፣ ከዚያ እጆቼን ገልብጣ ብዙ ቆየች።

"ይሄ ጠባሳ ከምን መጣ?" ስትል ዶሮዋን ጠየቀቻት። ዶሮዋ የአባዬን ሜትር ጫፍ ጠቅ አደረገች።

"ከመዶሻ" አልኩ።

"ፕሮጀክት አይናገርም" አለ ጸሐፊው።

አባዬ ዶሮዋን ወንበሩ ላይ ትቶ ተነሣና እጆቼን ከዳኛዋ ተቀበላት። ጨርቅ ሲገዛ እንደሚያደርገው በጣቱ ዳሰሳቸው። "ያንን የዶሮ ቤት አናጢው የሠራው መስሎኝ ነበር" አለ።

"ሦስት ጊዜ ነው ያፈረስኩት" አልኩት።

ጸሐፊው የመጨረሻውን ቅጽ አቀበለው፤ አባሏ መጻፍ ስለማትችል አሳዳጊዋ ይሞላላታል። ጥያቄው ፕሮጀክቱ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆን ነው። ይሸጣል፣ ይታረዳል፣ ወይም ለሌላ አባል ይተላለፋል፤ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ነው። አባዬ እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መታረዱ አልነበረም ያስፈራኝ፤ እንደ ልማዱ ስቆ እንዳያልፈኝ ነው። ሦስቱንም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዛቸውና ከሥር የራሱን ጻፈ።

ጸሐፊው ቅጹን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። "ነገ ጠዋት የስፌት መኪናው ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ አጠገቧ እሆናለሁ።" ቀና አለ። "እንዲህ የሚል ምርጫ የለም።"

"ሌላ አልጽፍም" አለ አባዬ። አንድ እጄን ገና አልለቀቀውም ነበር።

ወረቀቱ በሥርዓቱ ለዶሮዋ ተሰጠ፣ ተጨበጨበላትም። እኔ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደቆምኩ አለቀስኩ።