አገሬ በቁሟ የወሰደችው ቅሬ

የብልባላ ቅሬ፣ የመንደሩ እድር፣ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የትናየት ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ቢሆንም በግንቦት ወር በአንዱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቅሬውን ገንዘብ ልትጠይቅ ቅሬተኛው ፊት ቆመች። ላሊበላ ላይ የካንሰር ምርምር ላቦራቶሪ ሊቋቋም ነው፤ ለጋሾቹ መሣሪያውንና ሐኪሞቹን እንልካለን፣ ቤቱን ግን የአገሩ ሰው ይሥራ ብለዋል። እናቷ አገሬ ጡቷ ከቆሰለ ከርሟል። ቤቱ ከደረሰ ሐኪሞቹ ለመስከረም መጥተው ያክሟታል።

«ቅሬ ለሬሳ ነው፣ አንቺ ልጅ» አሉ የቅሬው ዳኛ አያ ወርቅአገኘሁ። «ዩኒቨርሲቲ ይኸን አላስተማሩሽም?»

«እስክንሞት ልትጠብቁን ነው?»

«እኛም ተራችንን እየጠበቅን ነው!» አለ አንዱ። ተሳሳቁ።

ከሴቶቹ መካከል አገሬ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብስባ ተነሣች።

«የእኔን ስጡኝ።»

«ምንሽን?»

«የሞቴን። ልጅ የሌለው የቁም ተዝካር ያወጣ የለም? እኔም በቁሜ ሞቻለሁ በሉ። ድንኳኑንም ንፍሮውንም በገንዘብ አድርጉና ለቤቱ ስጡ።»

ሳቁ ቆመ።

«አገሬ፣ ሰው ሁለቴ አይሞትም» አሉ ዳኛው በዝግታ። «ዛሬ ካወጣን ኋላ ጥሩምባ የለሽም፤ ድንኳን የለሽም።»

«እኔስ ሁለቴ እሞታለሁ አልኩ?»

ሙሉዬ ተነሣች፤ «የእኔንም።» ከዚያ ሰብሌ። ከዚያ ሌሎች ሴቶች፣ ባሎቻቸው ቀሚሳቸውን እየጎተቱ። ዳኛው የተነሡት ሁሉ ድርሻቸው እንዲወጣ ፈቀዱ።

የትናየት እናቷን ወደ ውጭ ወሰደቻት። «ምን ነካሽ፣ እማ? ሐኪሞቹ ቢያድኑሽስ?»

«ያን ጊዜማ ቅሬውን አታለልኩት!» አለች አገሬ፤ ስትስቅ ቁስሉ አመማትና በወገቧ ታጠፈች።

አገሬ የሞተችው በፍልሰታ ነው። ጥሩምባ አልተነፋም። የትናየት መለመን አትወድም፤ አያ ወርቅአገኘሁ ደጅ ሄዳ ለመነች።

«ድንኳኑን ብቻ፣ አያ። ዝናብ ነው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ዛሬ ድንኳን ባወጣ፣ እናትሽ ያን ቀን ለቀልድ ነው የተነሣችው ማለቴ ነው። እነሙሉዬስ ነገ ምን ይሉኛል?»

ቀብሩ ላይ ግን መጡ፤ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ጎረቤት፣ አካፋ ይዘው። ከቀብር መልስ ለቀስተኛው በአገሬ ግቢ ቆመ። ዝናቡ ወረደበት። ሙሉዬና ሰብሌ የትናየትን ከመካከል አድርገው አንድ ጋቢ ተከናነቡ፤ ጋቢው ወዲያው ራሰ።

ላሊበላ ላይ፣ ጣራው ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮ የተመታለት የላቦራቶሪው ቤት ባዶውን ተቆልፎ ነበር። ውስጡ ጠብታ አልገባም።